ቂምና ውለታ

ችሎቱ ገና አልተሰየመም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከደንበኛዬ ጋር ተቀምጠን ተራችንን እንጠብቃለን። የቤት ክርክር ነው፤ ሰነዱ የተሟላ፣ ምስክሩ የተዘጋጀ፣ እኔን ብዙም የሚያሰጋ ጉዳይ አልነበረም። እማማ ግን የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ይኼ ዳኛ ድሮ ምክር ቤት ነበረ አሉ። ከሟቹ ባለቤቴ ጋር ስብሰባ መሀል ተሰዳድበው ነበር።"

"እማማ፣ ስንት ዘመን ያለፈውን ነገር!" አልኳቸው።

"ያለፈውማ ለባሌ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የወጋው ደግሞ የኔው ጉድ ነው።"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ዳኛ ከችሎት እንዲነሳልኝ ብሎ ማመልከት እንደሚቻል ነገርኳቸው፤ "ተሰዳድበው ነበር አሉ" በሚል ወሬ ግን እንዲህ ያለ አቤቱታ አይጻፍም፣ አልጻፍንምም። ጉዳዩ በራሱ መንገድ ሄዷል፤ እዚህ የማነሳው ነገር የለኝም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። በእኛ ሕግ ዳኛ የሆነ ሰው የፖለቲካ ፓርቲ አባል መሆን አይችልም። መልካም። ከዳኝነቱ በፊት የነበረውስ? ፖለቲካ ውስጥ የቆየ ሰው ማን እንደወጋው፣ ማን እንደደገፈው ልቡ ላይ ጽፎ ነው የሚወጣው። ካባ ሲለብስ ያንን ጽሑፍ ምን ያደርገዋል?

እንዲህ ሳስብ ደጋግሞ ፊቴ የሚደቀነው አንድ ሕንዳዊ ነው። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ሕንድ አገር ማስተርሴን ስማር፣ ዶርም ውስጥ ጎረቤቴ ከነበረ የኬረላ ልጅ አፍ ነው። የእኛ ኃይሌን ወይም ጥላሁንን ሲያነሳ የሚሞቀው ሰው እንዳለ ሁሉ፣ እሱ የቪ. አር. ክሪሽና አይየርን ስም ሲያነሳ ይሞቀው ነበር። ዳኛ ተብሎ እንዲህ ሲወደድ ስላላየሁ ገረመኝ። (ዘመኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደኛ እየመለስኩ ላደናግራችሁ አልፈልግም።)

ታላሴሪ

ታላሴሪ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በማላባር ጠረፍ ያለች ከተማ ናት። በቁንዶ በርበሬ ንግድ የቆየች ናት፤ ነዋሪዎቿ ግን በኬክ፣ በክሪኬትና በሰርከስ ነው የሚኮሩት። ክሪሽና አይየር በ1915 ፓላካድ አካባቢ ከጠበቃ አባት ተወለዱ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ታላሴሪ ውስጥ የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። ማላባር ያኔ በእንግሊዞች ሥር የማድራስ ግዛት አካል ነበር፤ መሬቱ የባለርስት፣ ድካሙ የጭሰኛ። የእሳቸው ደንበኞች ጭሰኞችና የማኅበር ሠራተኞች፣ ኋላ ኋላም ፖሊስ የሚያሳድዳቸው ኮሚኒስቶች ሆኑ። በ1948 ኮሚኒስቶችን በሕግ ትረዳለህ ተብለው እሳቸውም ተይዘው አንድ ወር ያህል ታሰሩ። ይህቺን አንድ ወር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ትፈለጋለች።

በ1952 ለማድራስ ምክር ቤት ተወዳደሩና ከኩቱፓራምባ ተመረጡ። በ1956 መጨረሻ የማላያላም ተናጋሪዎች አካባቢዎች ተሰባስበው ኬረላ የምትባል ክፍለ ሀገር ስትሆን፣ በ1957ቱ ምርጫ ከታላሴሪ በግል ዕጩነት፣ በኮሚኒስቶች ድጋፍ ገቡ። ከ126 መቀመጫ ኮሚኒስቶቹ 60 ነበራቸው፤ መንግሥት ለመመሥረት ያበቃቸው እንደ ክሪሽና አይየር ያሉ አምስት የግል ተመራጮች ናቸው። አፕሪል 5 በኮሚኒስቱ መሪ ናምቡዲሪፓድ የሚመራው ካቢኔ ቃለ መሐላ ፈጸመ። የታላሴሪው ጠበቃም የሕግ፣ የወኅኒ ቤት፣ የመስኖና የኤሌክትሪክ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት እንደቻለው እንጃ፤ የትንሽ ካቢኔ ነገር ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አዋጅ ወጣ፦ በመላው ኬረላ ጭሰኛን ከመሬቱ ማፈናቀል ታገደ። የክሪሽና አይየርን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ቆም ያደረገኝ እዚህ ነው፤ በማፈናቀል ክርክር ላይ የቆመ ጠበቃ ሁሉ ይገባዋል። ደንበኛው መጥሪያውን አጣጥፎ በሸሚዙ ኪስ ይዞ ይመጣል። አንተ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰም ትላለህ፣ ቀጠሮ ታስለውጣለህ፣ ወራሾቹ በሙሉ አልተካተቱም ትላለህ፤ ሰውየውን ለአንድ መኸር ታቆየዋለህ። ስትወጣ በር ላይ ሌላ ባለ መጥሪያ ቆሟል። ክሪሽና አይየር ይህን ዓመታት ሲሠሩት ኖረው፣ በአንድ ገጽ አዋጅ የመላውን ክፍለ ሀገር መዝገብ ባለበት ሲያቆሙት ምን ተሰምቷቸው ይሆን? እኔ ብሆን ከዚያ በኋላ ወደ ጥብቅና ተመልሼ አንድ መዝገብ ለመክፈት እጄ የሚታዘዝልኝ አይመስለኝም።

ዋናውን የመሬት ሕግ የያዙት የገቢ ሚኒስትሯ ኬ. አር. ጎውሪ ነበሩ፤ እሳቸውም ጠበቃ ናቸው። ሕጉ በምክር ቤት በአንቀጽ በአንቀጽ ተከራክረውበት በ1959 አጋማሽ ጸደቀ። እኛ አገር "መሬት ላራሹ" ከሰልፍ ተነሥቶ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም.፣ በአንድ አዋጅ ነው የመጣው፤ ኬረላዎች ያንኑ ጥያቄ በተመረጠ ምክር ቤት በኩል ሊያስኬዱት ሞከሩ። ሞከሩ ማለቴ በምክንያት ነው። ሕጉ የፕሬዚዳንቱን ፊርማ ሳያገኝ መንግሥታቸው ወደቀ፤ ኋላ ተከልሶ ሲፈረምም በ1961 መጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክፍሎቹን ሻረ። ሕግ አውጭነትን ከጠበቃነት የሚያስመኝ ያ አንድ ገጽ ቢሆንም፣ ገጹን የሚቀድ ሌላ ገጽ አለ።

ከዴልሂ የመጣው ወረቀት

የ1959ኙን ግርግር በረጅሙ አልተርክም። የትምህርት ሕጉ የግል ትምህርት ቤቶችን፣ በተለይም የቤተ ክርስቲያኖችንና የናየር ጎሳ ማኅበርን አስቆጣ፤ የመሬት ሕጉ ባለርስቱን። አገሪቱን የሚገዛው ኮንግረስ ፓርቲም ተደረበበት፤ ሰልፍ፣ እስር፣ ጥይት። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የኮንግረስ ፓርቲ ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት የጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ልጅ፣ ኢንድራ ጋንዲ ነበሩ። አባት ሲያመነቱ፣ ልጅ የኬረላው መንግሥት እንዲነሳ አጥብቀው ገፉ። ጁላይ 31 ቀን ፕሬዚዳንቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 356 ፈርመው የኬረላን መንግሥት አሰናበቱ። ምክር ቤቱም ተበተነ። ክሪሽና አይየር ከሚኒስትርነት ወደ ጠበቃ ጥቁር ካባቸው ተመለሱ።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይባላል፤ የእሳቸው ቁጭት የሆድ አልነበረም እንጂ ቁጭት ነበራቸው። በ1960 ምርጫ ታላሴሪ ላይ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ ተባለ። እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የምርጫ አቤቱታ አስገቡ፣ ተከራከሩ፣ አሸናፊነታቸው ተወሰነላቸውና መቀመጫቸውን በፍርድ አገኙ። የምርጫ አቤቱታ ምን እንደሚመስል፣ የተመረጠ ሰው በፍርድ ሲነሳ፣ ያልተመረጠ የተባለው በፍርድ ሲገባ፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሳቸው ላይ አዩት። በ1965 እንደገና ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1968 የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ቀጥሎ የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን አባል፣ ጁላይ 1973 ላይ ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ።

ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። በ1973 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንድራ ጋንዲ ናቸው። በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ መንግሥታቸው በአገልግሎት ቅደም ተከተል የሚቀድሙትን ሦስት ዳኞች ዘልሎ የሚመቸውን ሰው ዋና ዳኛ አድርጎ ሾሟል፤ ሦስቱም ሥራቸውን ለቀዋል። ጠበቆች ተቆጥተዋል። ከሦስት ወር በኋላ የቀድሞው የኮሚኒስት መንግሥት ሚኒስትር ሲሾሙ ቦምቤይ ያሉ ጠበቆች በአደባባይ ተቃወሙ። ስጋታቸው ግልጽ ነው፦ መንግሥት የራሱን ሰው ሾመ።

እንግዲህ አስቡት። የእማማን ሚዛን ይዘን ብንመጣ፣ ክሪሽና አይየር ኢንድራ ጋንዲ ላይ ቂም አላቸው፤ ከወንበራቸው ያስነሷቸው ሴት ናቸው። የቦምቤይ ጠበቆችን ሚዛን ይዘን ብንመጣ ደግሞ ውለታ አለባቸው፤ ከፍተኛውን ወንበር የሰጧቸው እኚሁ ሴት ናቸው። አንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ሴትዮ ስም፣ ቂምና ውለታ ባንድ ላይ።

ጁን 23፣ ሰኞ

በ1971 ምርጫ ኢንድራ ጋንዲ በምርጫ ክልላቸው በራይ ባሬሊ ከመቶ ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። ተሸናፊው ራጅ ናራይን የምርጫ አቤቱታ አስገቡ። ጁን 12 ቀን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ጃግሞሃን ላል ሲንሃ ምርጫውን ሻሩት፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ስድስት ዓመት ከምርጫ አገዷቸው። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው፦ የመንግሥት ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ለምርጫ ሥራ መጠቀማቸው፣ እንዲሁም የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣናት ለንግግራቸው መድረክና ድምፅ ማጉያ ማሰናዳታቸው። ይግባኝ እንዲጠይቁ ግን ሃያ ቀን ተሰጣቸው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለበጋው ዕረፍት ተዘግቷል። በዕረፍት ወራት አስቸኳይ ነገር እንዲሰማ አንድ ዳኛ ይቀራል፤ የቀሩት ክሪሽና አይየር ናቸው። ብቻቸውን።

ኋላ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ስልክ ተደወለላቸው። የሕግ ሚኒስትሩ ጎካሌ ናቸው፤ እሳቸውም ቀድሞ ዳኛ የነበሩ ሰው። መጥቼ ላነጋግርዎት እችላለሁ? ክሪሽና አይየር ስለምን እንደሆነ ጠየቁ። ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ይግባኝ ነው። ለዚያማ እኔን ማግኘት አያስፈልግም፣ ይግባኙን ሬጅስትራር ዘንድ ያስገቡ፣ አሉና ስልኩ በዚሁ አበቃ።

እኔን ለቀናት የያዘኝ ትእዛዙ አይደለም፣ ይህ ስልክ ነው። የስልክ ትእዛዝ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም፤ የዚህ አገር ሰው ናችሁ። ጎካሌ ክፉ ነገር ሊሉ አልነበረም ይሆናል። ምናልባት አስቸኳይ መሆኑን ለማስረዳት፣ ቀኑን ለመጠየቅ። ግን አስቡት፦ ክሪሽና አይየር ቂም ኖሯቸው ቢሆን፣ ሚኒስትሩን አስጠርተው ደጅ ሊያስጠኗቸው፣ በ1959 ለተገለበጠው ወንበራቸው ብድር ሊመልሱበት ይችሉ ነበር። ውለታ ቢሰማቸው ደግሞ "ምን ገዶኝ፣ ይምጡ፣ ቡና እንጠጣ" ይሉ ነበር። ሁለቱም መንገድ በአንድ በር ነው የሚገባው፤ በሳሎን በር። እሳቸው ወደ መስኮቱ መሯቸው። ማንኛውም ባለጉዳይ ቴምብር ለጥፎ ወረቀቱን ወደሚያስገባበት መስኮት።

ጁን 23 ክርክሩ ተሰማ። ለጠቅላይ ሚኒስትሯ የቆሙት በዘመኑ ወደር የሌላቸው ጠበቃ ፓልኪቫላ፣ ለራጅ ናራይን ሻንቲ ቡሻን። ፓልኪቫላ የጠየቁት ሙሉ እግድ ነው፤ የአላሃባዱ ፍርድ ይግባኙ እስኪታይ ምንም ውጤት እንዳይኖረው። ሻንቲ ቡሻን ጨርሶ እግድ አይገባም አሉ። በማግስቱ ትእዛዙ ተሰጠ። ኢንድራ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ይቀጥላሉ፤ ምክር ቤት ገብተው ይናገራሉ፣ መዝገብ ላይ ይፈርማሉ። የምክር ቤት አባል ሆነው ግን ድምፅ አይሰጡም፣ የአባልነት ደመወዝም አይቀበሉም።

መጀመሪያ ሳነበው ይህ የሽማግሌ ፍርድ መሰለኝ፤ ለዚህም ትንሽ፣ ለዚያም ትንሽ፣ ሁሉም እንዳይቀየም። ደግሜ ሳነበው ነው ነገሩ የዞረልኝ። ይህን ዓይነት እግድ ክሪሽና አይየር አልፈጠሩትም። ከእሳቸው በፊት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምርጫቸው ለተሻረባቸው ተራ የምክር ቤት አባላት ሲሰጠው የኖረው ነው፦ ግባ፣ ፈርም፣ ድምፅ ግን አትስጥ፣ ደመወዝ አትውሰድ። ለጠቅላይ ሚኒስትሯ የተሰጣቸው ለማንኛውም ስሙ ለማይታወቅ ተመራጭ የተሰጠው ነው። የአላሃባዱ ፍርድ ያገኘው ጥፋት በሕጉ ከከባዶቹ የምርጫ ጥፋቶች የሚመደብ አለመሆኑንም ጽፈዋል። ሕጉ ራሱ የከበደ መስሎ ከታየ ደግሞ ፍርድ ቤት ሊያጠፋው እንደማይችል፣ የሚነቃና ቶሎ የሚንቀሳቀስ ሕግ አውጭ ሊያየው እንደሚገባ። ይህቺን መስመር የጻፋት የታላሴሪው የምክር ቤት አባል ነው እላለሁ። ሕግ ማውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በዳኝነት ወንበሩ ላይ ሆኖ ሕግ ለማውጣት የማይጎመጅ።

እዚህ ላይ የማልስማማባቸው ሰዎች አሉ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ክሪሽና አይየር ድፍረት አጡ ይላሉ፤ እግዱን ቢከለክሉ ኖሮ ሴትዮዋ ይለቁ ነበር፣ አገሪቱ ከመከራ ትድን ነበር። ሌሎች ደግሞ ሙሉ እግድ ቢሰጡ ኖሮ ተቃዋሚው ባልተነሳሳ ነበር ይላሉ። ሁለቱም ዳኛውን የሚለኩት በማግስቱ በሆነው ነው። በማግስቱ ምን እንደሆነ እናውቃለን፦ ጁን 25 አመሻሽ የተቃዋሚው መሪ ጃያፕራካሽ ናራያን ዴልሂ ራምሊላ ሜዳ ላይ ሕዝብ ሰብስበው ጠቅላይ ሚኒስትሯ እንዲለቁ ጠየቁ፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ፈረሙ። ሌሊቱን ተቃዋሚዎች ከየአልጋቸው ተለቀሙ፣ ጋዜጣ ሳንሱር ተደረገ። ፓልኪቫላ ይህን ሲሰሙ የኢንድራ ጋንዲን ጥብቅና መለሱ። አዋጁ 21 ወር ቆየ። የምርጫ ሕጉን ምክር ቤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለው፤ በኖቬምበር 1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌሎች ዳኞች የአላሃባዱን ፍርድ ሻረ።

ዳኛ ግን ጁን 24 ቀን የሚያየው ጁን 24ን ነው። ከክሪሽና አይየር የተጠበቀው አገር ማዳን አልነበረም፤ አንዲት ይግባኝ ባይ ከሌሎች ይግባኝ ባዮች በላይም በታችም ሳትሆን እንድትስተናገድ ነው። አዋጁን ያወጁት እሳቸው አይደሉም። በግማሽ እግድ አዋጅ የሚያወጣ መንግሥት በሙሉ እግድም ምክንያት አያጣም ነበር።

ቂሙስ የት ገባ?

እማማ ግን አልተሳሳቱም። የተወጋ አይረሳም። ክሪሽና አይየርም አልረሱም፤ የረሱት አይመስለኝም። የማስታወሳቸው አቅጣጫ ነው የገረመኝ።

ያቺን የ1948 አንድ ወር ያዙልኝ ብያችኋለሁ። በሚኒስትርነታቸው ወኅኒ ቤቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ ከ1977 እስከ 1980 ድረስ የጻፏቸውን ፍርዶች ደርድራችሁ ብታዩ፣ ታስሮ የሚያውቅ ሰው እጅ ነው። በ1978 በሱኒል ባትራ ጉዳይ፣ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ፍርዱ ገና የመጨረሻ ሳይሆን ለብቻው ጨለማ ክፍል ሊዘጋበት አይችልም ተባለ። ያው እስረኛ ኋላ ስለሌላ እስረኛ ድብደባ ከወኅኒ ቤት ደብዳቤ ላከ፤ ደብዳቤው እንደ አቤቱታ ተቆጥሮ ችሎት ቀረበ። ቴምብር የለው፣ ጠበቃ የለው፣ ቅርጽ የለው። በ1980 ደግሞ ከቲሃር ወኅኒ ቤት አንድ እስረኛ ስለ እጅ ሰንሰለት በቴሌግራም አመለከተ፤ ሰንሰለት እንደ ልማድ እንዳይታሰር፣ ምክንያቱ ለፍርድ ቤት እንዲነገር ተወሰነ። ለሚኒስትሩ በሬጅስትራር በኩል ይምጣ ያሉ ዳኛ፣ ለእስረኛ ቁራጭ ወረቀት በሩን ከፈቱ። አንዱ ሥልጣን አለው፣ ሌላው የለውም፤ ሥርዓቱ ለየትኛው ማጥበቅ፣ ለየትኛው ማላላት እንዳለበት ያወቁ ይመስለኛል።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የሞቲ ራም ጉዳይ ነው፣ 1978። ሰውየው ግንበኛ ነው፣ ማድያ ፕራዴሽ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዋስ ይለቀቅ ይላል። ታች ያለው ዳኛ አሥር ሺህ ሩፒ ዋስ ይጠራ ይላል። ግንበኛ አሥር ሺህ ሩፒ ከየት ያመጣል? ወንድሙ ዋስ ሊሆን መጣ፤ ንብረቱ ሌላ አውራጃ ነው ተብሎ ተመለሰ። ክሪሽና አይየር መዝገቡ ሲመለስላቸው የጻፉት ቁጣ ነው። የደቡብ ሰው ሰሜን ታስሮ ዋሱ የሰሜን ባለንብረት ካልሆነ ሊባል ነው? ሕንዳዊ በሕንድ ምድር ሁሉ ሕንዳዊ ነው አሉ፤ ዋሱን ወደ አንድ ሺህ ሩፒ አወረዱት። "ዋሱ የዚሁ ከተማ ነዋሪ ይሁን" የሚል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ጠበቃ ካለ እጁን ያውጣ።

እንግሊዝኛቸው፣ ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ መከራ ነው። ቃል በቃል ላይ ያነባብራሉ፤ አንድ ገጽ ለማንበብ መዝገበ ቃላት አጠገብ ያስፈልጋል። የኬረላው ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ይናደድ ነበር። ዳኛ ለጭሰኛ ከፈረደ በኋላ ጭሰኛው በማያነበው ቋንቋ መራቀቁ ለእኔ አሁንም አይዋጥልኝም።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ዝም አላሉም። በ1987 ተቃዋሚዎች ለፕሬዚዳንትነት አቀረቧቸው፤ የገዢው ፓርቲ ዕጩ ቬንካታራማን በ740,148 የመራጮች ነጥብ አሸነፏቸው፣ የእሳቸው 281,550 ነበር። እንደሚሸነፉ ያላወቁ አይመስለኝም። ኮቺ ባለው ቤታቸው በር ላይ ባለጉዳይ አይጠፋም ነበር ይላሉ። በ2002 የጉጃራቱን ጭፍጨፋ የመረመረውን የዜጎች ሸንጎ መሩ፤ ሸንጎው የናሬንድራ ሞዲን የክፍለ ሀገር መንግሥት ክፉኛ ወቀሰ። በ2013 ግን ያው ሰው ሞዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆኑ እንደሚደግፉ በአደባባይ ጻፉ። በማግስቱ ዓመት፣ ዲሴምበር 4 ቀን 2014፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ዓመት ያህል ሲቀር አረፉ።

ያ የድጋፍ ደብዳቤ ሲወጣ ጓደኛዬ ከኮቺ ደውሎልኝ ነበር። "ሽማግሌው ምን ነካቸው?" አለኝ፤ ድምፁ እንደተከዳ ሰው ነበር። ዕድሜ ነው ልለው ፈልጌ ተውኩት፤ ዕድሜ ማለት ስድብ መሰለኝ። ከዚያ ይልቅ ከ1952 ጀምሮ የሚያስቡትን በአደባባይ ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ዛሬም ተናገሩ፣ አንተም ተቃወማቸው አልኩት። "እኔ እሳቸውን ልቃወም?" አለና ሳቀ። ከዚያ ግን ተቃወማቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ፣ ነጥብ በነጥብ፣ ልክ ችሎት ፊት እንደቆመ።